ፍሬን ይዞ ነዳጅ መርገጥ

ፍሬን ይዞ ነዳጅ የሚረግጥ ሾፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታክሲ ላይ ቢያጋጥመን “ወራጅ አለ!” ብለን ነው የምንወርደው። የመስኖ እርሻ ላይ ሲሆን ግን “ልማት” ብለን እናጨበጭባለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፓምፕ ማጠጣት ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የወንጂ ሸንኮራ የአዋሽን ውሃ የሚጠጣው በፓምፕ ነው። የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚመረጠው ደግሞ ማሳው በጣም ለሚጠማበት ቀን ታስቦ ነው። ማሳ ግን ሁሌ እኩል አይጠማም። ቡቃያ ሲሆን ጥቂት፣ ሲያብብ ብዙ ይፈልጋል። ታዲያ ውሃው ሲበዛ ምን ይደረጋል? ቫልቩ ይጠበባል። ሞተሩ ግን በሙሉ ፍጥነት መጮሁን ይቀጥላል። ቆጣሪውም እንዲሁ!

መላው የታወቀ ነው። ባለሙያዎች ቪኤፍዲ የሚሉት መቆጣጠሪያ የሞተሩን ፍጥነት እንደ ውሃው ፍላጎት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ከ50 ኸርዝ ወደ 40 ሲወርድ ውሃው በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የሚበላው ኃይል ግን እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 0.8 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.51 ነው።

“ዕቃው ውድ ነው፤ ሁሉም ቦታ አያዋጣም” የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ግማሹን ብቻ። ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ወይም ወደ ከፍታ ሽቅብ የሚገፋ ከሆነ ቅናሹ ያንሳል። ፍጥነቱ ከልክ በላይ ከወረደም ውሃው ጭራሽ አይወጣም። ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ ለሚሠራ ፓምፕም ብዙ አይፈይድም። እኛስ መቼ ሁሉም ፓምፕ ላይ ይንጠልጠል አልን? ቫልቭ እየታነቀ የሚሠራበት ቦታ ተለክቶ ይለይ ነው ያልነው!

ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኛም እልል ብለናል። 5,150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። ግን በዚያ ሁሉ ልፋት የመጣ መብራት ቫልቭ ላይ ሲባክን ዝም እንበል? ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. አንስቶ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። “የገበሬው ቆጣሪ እኔን ምን አገባኝ?” የምትል የከተማ ልጅ ካለህ፣ ሽንኩርት ስትገዛ ያገባሃል።

ስለዚህ ፓምፕ ሲገዛ የፈረስ ጉልበቱ ብቻ አይጠየቅ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ለመሳብ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል? ይህን ሳይመልሱ ያከፋፈሉትን ፓምፕ እየቆጠሩ ጭብጨባ ለሚጠብቁ መልሳችን አንድ ነው፦ ወራጅ አለ!