የዓባይ በረሃ ድልድይና ረቂቁ ካርቦን

ተመልካች ዘጎጃም

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ደጀን ደጋ የሚወጣው መንገድ ጎጃምን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ ዋና በር እንደ መሆኑ መጠን፣ በመካከሉ የቆመው ድልድይ አንድ ቀን ቢታመም አብረው የሚታመሙት የደብረ ማርቆስ ገበያ፣ የባሕር ዳር መንገደኛ፣ የማዳበሪያው ጭነትና የጤፉ ኩንታል ናቸው። ድልድይ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል የሞጣ ሰው ያውቀዋል፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን የታነጸው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተቆርጦ ስሙም ሰባራ ድልድይ ከተባለ ወዲያ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለ ዘመድ በገመድ እየተሳበ ሲገናኝ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል።

በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው ህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ፣ በካጂማ ኩባንያ እጅ ተሠርቶ ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 303 ሜትር ርዝማኔ ያለው አካሉን በኬብሎች አንግቦ፣ አጠገቡ ስድሳ ዓመት ገደማ የደከመውን አሮጌ ድልድይ ከከባድ መኪና ሸክም አሳረፈው። ከስምንት ቀን በኋላ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ሌላ ድልድይ ተከፈተ፤ ቀዳሚው ኦገስት 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ተንዶ 13 ሰዎች ስለ ሞቱበት፣ ለአዲሱ ከ300 የሚበልጡ ሴንሰሮች ገና ሲታነጽ ተገጠሙለት። ከልደቱ ጀምሮ የሚጠበቅ ድልድይ መልካም ነው፤ ነገር ግን የእኛ አገር ጭንቀት ሊታነጽ ከታሰበው ይልቅ ታንጾ ሸክም በተሸከመው ላይ ነውና፣ በቆመ አካል ላይ ኋላ የሚቀባ መስሚያ ቢገኝ የሚጠቅመው ከማንም አስቀድሞ እኛን ነው።

ይህን ተስፋ የሚሰጡት ጃፓናዊው ሊቅ ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 እ.ኤ.አ. ጽፈው ያስታወቋቸው የካርቦን ናኖቲዩቦች ናቸው፤ እነዚህም የካርቦን አተሞች ንብር ተጠቅልሎ የሚያስገኛቸው፣ ውፍረታቸው በሜትር ቢሊዮንኛ እጅ የሚለካ፣ ኤሌክትሪክንም አጥብቀው የሚያስተላልፉ ረቂቃን ቧንቧዎች ናቸው። በባሕርዩ ኤሌክትሪክ በማያሳልፈው የኢፖክሲ ሙጫ ውስጥ በክብደት ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላው በደንብ ቢበተን፣ ግድግዳ ሲመረግ በጭቃው ውስጥ ያለው የጤፍ ጭድ እርስ በርሱ እየተነካካ ከዳር እስከ ዳር እንደሚያያዝ፣ ቧንቧዎቹም ተያይዘው ሙጫውን የኤሌክትሪክ መንገድ ያደርጉታል። ይህ ሙጫ በድልድዩ ኮንክሪት ላይ ተቀብቶ ሳለ ከባድ መኪና ሲያልፍና ኮንክሪቱ በጥቂቱ ሲሳብ፣ በቧንቧና በቧንቧ መካከል ያለችው የጥቂት ናኖሜትር ክፍተት ትሰፋለች፤ ኤሌክትሮንም ያችን ክፍተት የሚሻገርበት ዕድል ክፍተቷ ጥቂት በሰፋች ቍጥር እጅግ ስለሚያንስ፣ ዓይን የማያየው መሳሳብ በኤሌክትሪኩ ተቃውሞ ላይ ጐልቶ ይነበባል። መኪናው አልፎ ተቃውሞው ወደ ቀድሞ ልኩ ከተመለሰ ነገሩ ሰላም ነው፤ ሳይመለስ ከቀረ ግን የቧንቧዎቹን መረብ ስንጥቅ በጥሶት ሊሆን ይችላልና መሐንዲስ ይጠራ። የተለመደው የብረት ፎይል የመሳሳብ መለኪያ የተለጠፈባትን ነጥብ ብቻ ሲመሰክር፣ ይህ ቅብ ስለ ሰፊ ገጽ ይመሰክራል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ደቦራ ቹንግ አጫጭር የካርቦን ክሮችን ከሲሚንቶ ጋር ለውሰው ኮንክሪቱ ራሱ ሸክሙን እንዲናገር ማድረጋቸውም የዚሁ አሳብ ታላቅ ወንድም ነው።

የመንገድ ጉድጓድ መድፈን ያቃተው አገር ስለ ናኖሜትር ምን አስጨነቀው የሚል ይኖራል፤ እኔ ደግሞ ድልድዩ ቢወድቅ ሌላ ለማቆም አቅም የሚያጥረው አገር ከባለጸጋው ይልቅ ሕመሙን ቀድሞ ማወቅ ይገባዋል እላለሁ። ይሁን እንጂ ነጋዴ ያመጣውን ሁሉ ገዝቶ መለጠፍን አልደግፍም። የቅቡ ተቃውሞ በመሳሳብ ብቻ ሳይሆን በሙቀትና በእርጥበትም ይለዋወጣል፤ ከደጀን ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ወንዙ ዳር ሲደርስ ሸሚዙን ለማውለቅ በሚመኝበት በዚያ ሸለቆ፣ የቀትር ሐሩርና የክረምት ርጥበት በቅቡ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ ከስንጥቅ ለይቶ ያላወቀ መሣሪያ በከንቱ ይጮኻል፤ በከንቱ የሚጮኽንም ጠባቂ ሰው ቶሎ መስማት ይተዋል። ቧንቧዎቹ ሲለወሱ የመጓጐል ጠባይ ስላላቸው ድብልቁ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ደረቁ ዱቄትም ወደ ሳንባ ቢገባ ስለሚያሰጋ ለዋሹ ያለ መሸፈኛ አይንካው። ደግሞም የሸለቆው መሬት ራሱ የሚንሸራተት ነው፤ የጃፓን ባለሙያዎችም ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ያጠኑት ይህ መንሸራተት የራሱ መለኪያ ያሻዋል እንጂ በድልድይ ላይ የተቀባ ቅብ አይደርስበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መነሻው ንባብ ነው። የጤነኛውን ልክ ያላወቀ የታመመውን ሊለይ አይችልምና፣ ድልድዩ ደኅና ሳለ ያልተጻፈ ቍጥር ከታመመ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም። ያ ቍጥር የሚታመነው ግን ቅቡ አስቀድሞ ሲፈተን ነው፤ ስለዚህ ሥራው ከህዳሴ ድልድይ ሳይሆን ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቢጀመር እመርጣለሁ፦ ከአንድ ቡኬት የተሞሉ ሁለት የኮንክሪት ምሰሶዎች በአግድም ተጋድመው፣ አንድ ዓይነት ቅብ ተቀብተው፣ አጠገባቸው የብረት ፎይል መለኪያና ቴርሞሜትር ተደርጎ፣ በጋውንና ክረምቱን በሜዳ ይዋሉ ይደሩ፤ አንዱ ሸክም ይጫንበት፣ ሁለተኛው ባዶውን ይቀመጥ። የባዶው ንባብ ፀሐይና ዝናብ ያመጡትን ለውጥ ብቻ ስለሚያሳይ፣ እርሱ ከተጫነው ንባብ ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው የሸክሙ ድርሻ ይሆናል። ይህ ትርፍ መስከረም ላይ ከፎይሉ ቍጥር ጋር ከተስማማ፣ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉት ትናንሽ ድልድዮች ይቀጠል፤ ካልተስማማ ግን ቅቡ ለዓባይ በረሃ ገና አልበቃምና፣ እስከዚያው በፎይሉና ኮንክሪቱን አንኳኩቶ በሚፈትሸው የመሐንዲሱ መዶሻ መሥራት ነው።