የአየር ሰበቃ ጠላት ነውን?

«የአየር ሰበቃን ከቁጥር አታስገቡ።» ይህ ማሳሰቢያ ከፊዚክስ ጥያቄዎቻችን ግርጌ እምብዛም አይጠፋም። እኛ መምህራን ስሌቱን እናቃልላለን ስንል ተማሪው ሰበቃን እንደ ጠላት እንዲያይ ማድረጋችን አይካድም።

በሬዲዮ የሚመራ አነስተኛ ጄት ያሳረፈ ሰው ግን በዚህ አይስማማም። የጄቱ ገላ ልሙጥ ነው፤ ተርባይኑም በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ እንኳ መግፋቱን አያቆምም። ስለሆነም ጄቱ ወደ ምድር ሲያዘቀዝቅ ፍጥነቱ በቀላሉ አይበርድም፤ መንደርደሪያውንም አልፎ ሊሄድ ይችላል። መፍትሔው የአየር ፍሬን፣ ማለትም ከክንፉ ወይም ከሆዱ ተገልጦ ነፋስን የሚጋፈጥ ሰሌዳ ነው።

10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጄት በሰከንድ 40 ሜትር ሲበር የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 8,000 ጁል ነው፤ በሰከንድ 20 ሜትር ሲበር ግን 2,000 ብቻ። ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ ሦስት አራተኛው ኢነርጂ መወገድ አለበት ማለት ነው። የሰሌዳው ሰበቃም እንዲሁ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ፍሬኑ በይበልጥ የሚያገለግለው ገና በአየር ላይ ሳለ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ተርባይን ከዝቅተኛ ዙር ተነሥቶ ሙሉ ግፊት እስኪሰጥ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ፍሬኑ ሲከፈት ግን ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ማቆየት ይቻላል፤ ማረፉ ካልሠመረ ፍሬኑን አጥፎ ወዲያው መነሣት ነው።

ሰበቃን መተው የትምህርቱ መነሻ እንጂ መድረሻ መሆን የለበትም እንላለን። ተማሪዎቻችን ሆይ፣ «ባይኖር» ብላችሁ ካሰላችሁ በኋላ «ቢኖርስ ምን ይጠቅመናል?» ብላችሁ ጠይቁን።