ክፍሉን በቀጥታ እንያዝ፣ ወረቀቱን ግን አንተው

እኛ ነጋዴዎች መሀል ላይ የቆመ ሰው ስንት እንደሚወስድ ሳናውቅ ዕቃ አንገዛም። ኪኩቦ ገብተን አንዱን ዕቃ ሦስት ሱቅ እንጠይቃለን። ደላላ ተከትሎን ከገባ ባለሱቁ የእሱን ድርሻ ዋጋው ላይ እንደሚጨምር ስለምናውቅ ቀስ ብለን እንሸኘዋለን። ሆቴል ላይ ግን ደላላው ስልክ ውስጥ ስለተቀመጠ ደላላ አይመስልም። እጃችንን አይጎትትም፣ «እህቴ፣ በዚህ በኩል» አይልም። ድርሻውን ግን ይወስዳል።

ከጁባ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከናይሮቢ ለንግድ የምትመላለሱም፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ የምትመጡም «ሆቴል በድረ ገጽ ይሻላል ወይስ በቀጥታ?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። መልሳችን ይህ ነው፦ ካምፓላ የሚመላለስ ሰው ክፍሉን ከሆቴሉ ጋር ራሱ ተነጋግሮ ይያዝ። ድረ ገጹ ለማየትና ለማመሳከር ጥሩ ነው፤ ከተማውን ለማያውቅ ሰውም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች በእሱ መያዝ አይከፋም። በቀጥታ መያዝ ስንል ግን ስልክ ደውሎ «ችግር የለም፣ ኑ» መባል ማለታችን አይደለም። ወደዚያ እንመለሳለን፤ አስቀድመን ሒሳቡን እንሥራ።

ቡኪንግ ዶት ኮም በ1996 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ የተጀመረ ነው። ዛሬ አጎዳ፣ ፕራይስላይንና ካያክ ከእሱ ጋር በአንድ ኩባንያ ሥር ናቸው። ኤክስፒዲያና ሆቴልስ ዶት ኮም ደግሞ የሌላ አንድ ኩባንያ ናቸው፤ የትሪቫጎም ትልቁ ድርሻ የዚሁ ኩባንያ ነው። ስለዚህ አምስት ድረ ገጽ ከፍተን ዋጋ አመሳከርን ስንል፣ ብዙ ጊዜ የጠየቅነው ሁለት ባለሱቅ ነው። ኮሚሽናቸው እንደየአገሩና እንደየውሉ ቢለያይም 15 በመቶ አካባቢ የተለመደ ነው። ሆቴሉ ከዝርዝሩ ላይኛው ክፍል መታየት ከፈለገ ደግሞ ይጨምራል።

እንበል ክፍሉ በሌሊት 40 ዶላር ነው፤ ስምንት ሌሊት ታድራላችሁ። 320 ዶላር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 48 ዶላሩ የድለላ ነው፤ ሆቴሉ እጅ የሚገባው 272 ዶላር ነው። አሁን ሆቴሉን ራሳችሁ አነጋግራችሁ በ36 ዶላር ተስማማችሁ እንበል። የምትከፍሉት 288 ይሆናል። እናንተ 32 ዶላር ተረፋችሁ፣ ባለሆቴሉም 16 ዶላር ጨመረ። በዓመት አራት ጊዜ ለሚመጣ ሰው 128 ዶላር ማለት ነው። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከአዲስ አበባ ብር ይዞ ለሚነሣ ሰው ያቺ ልዩነት ትንሽ ገንዘብ አይደለችም።

«የሆቴሉን የራሱን ድረ ገጽ አይተናል፣ ዋጋው አንድ ነው» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ምክንያቱ ግን ከውሉ ነው። ትልልቆቹ ድረ ገጾች ሆቴሎችን ለብዙ ዓመታት «በራስህ ገጽ ላይ ከእኛ አሳንሰህ አትለጥፍ» በሚል ውል አስረው ኖረዋል። የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን በ2015 ቡኪንግን ይህን አቁም አለው፤ ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዶ በ2021 ባለሥልጣኑ ረታ። በ2024 ደግሞ አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያ ሕግ ሲመጣ ቡኪንግ ያንን አንቀጽ በአውሮፓ ውስጥ ከውሉ አነሣ። የአውሮፓ ሕግ ግን ካምፓላ አይደርስም። ደግነቱ፣ እንዲህ ያለው ውል በአብዛኛው የሚያስረው በይፋ የተለጠፈውን ዋጋ ነው። በስልክ፣ በዋትስአፕ፣ ወይም ሪሴፕሽን ላይ ቆመው የሚነጋገሩትን ዋጋ ብዙ ጊዜ አይነካም። ስለዚህ ገጹን አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ደውሉ፤ «ስምንት ሌሊት ነኝ፣ በየሦስት ወሩ እመጣለሁ፣ ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» በሉ። ዕቃ ላይ የምናውቀውን ክርክር ክፍል ላይ የማንጠቀምበት ምክንያት የለም።

ለእኛ ግን ከዋጋው የሚበልጠው ነገር ቀን ነው። የጁባን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በኒሙሌ ወጥቶ፣ በኤሌጉ ገብቶ፣ በጉሉ አድርጎ የሚመጣ ሰው ዛሬ ማታ እደርሳለሁ ብሎ ነገ ቀትር ላይ ሊደርስ ይችላል። ወረፋ አለ፣ የወረቀት ነገር አለ፣ መንገድ ላይ የቆመ አውቶቡስ አለ። ካምፓላ ከገባንም በኋላ ዕቃው ሳይጫን አንመለስም፤ ጫኚው ሐሙስ ያለው ቅዳሜ ይሆናል። በድረ ገጹ ላይ ርካሽ ሆኖ የሚታየው ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ገንዘቡ አይመለስም» ከሚለው ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ካልደረሳችሁ እንዳልመጣችሁ ተቆጥሮ ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥ፣ ክፍያውም ሊቀር ይችላል። ሪሴፕሽኑን ስትጠይቁ «ከድረ ገጹ ጋር ተነጋገሩ» ይላችኋል። ድረ ገጹ «ሆቴሉ አልፈቀደም» ይላል። እናንተ ሻንጣችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ስልክ ትቀባበላላችሁ። በቀጥታ የያዘ ሰው ግን ከኤሌጉ ሆኖ አንድ መልእክት ይልካል፦ «ኬላው ላይ ነን፣ ነገ እንገባለን።» የሚያውቀው ሆቴል ከሆነ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

የካርዱም ጉዳይ አለ። ድረ ገጹ ክፍሉን ለማስያዝ ብዙ ጊዜ የቪዛ ወይም የማስተር ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። ከጁባም ከአዲስ አበባም ከሚመጡት ነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ የላቸውም። ስለዚህ ዱባይ ያለች እህት ወይም አሜሪካ ያለ ወንድም ካርዱን ያበድራል። ካምፓላ ሲደረስ ሪሴፕሽኑ «የከፈላችሁበትን ካርድ አሳዩኝ» ቢል ካርዱ ዋሽንግተን ነው፣ በላዩ ያለው ስምም የሌላ ሰው ነው። የተከለከሉ ሰዎች እናውቃለን። በሌሊት፣ ልጅ ይዞ፣ «ይህ ካርድ የማን ነው?» ተብሎ መመርመር ደስ አይልም። በቀጥታ ስትይዙ በሽልንግ፣ በዶላር ወይም በሞባይል መኒ መክፈል ትችላላችሁ። በዶላር ከሆነ ግን ምንዛሬውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሆቴሉ ዋጋውን በዶላር ነግሮ ሽልንግ ሲቀበል በራሱ ስሌት ከሆነ፣ ያስቀነሳችሁትን መልሶ ሊወስደው ይችላል። የቆየ ኅትመት ያለውንና ትንንሹን ዶላር ካምፓላ ውስጥ አንዳንዱ ጨርሶ አይቀበልም፣ አንዳንዱም አርክሶ ነው የሚመነዝረው፤ ይህን ለአዲስ መጪዎች ንገሩልን።

ድረ ገጹን ጨርሰን አንጥለውም። በተለይ ብቻቸውን ለሚመጡ እህቶቻችን የሌሎች ሴቶችን አስተያየት ማንበብ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቡኪንግ ላይ አስተያየት የሚጽፈው በእሱ በኩል ክፍል የያዘ ሰው ነው፤ የባለሆቴሉ ዘመድ እንዲሁ ገብቶ አይጽፍም። ፎቶው ላይ ግን ብዙ አትመኑ። ካባላጋላ የእኛ ሰው፣ እንጀራና ቡና የሚገኝበት ሰፈር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ የማይጠፋበትም ሰፈር ነው፤ ሙዚቃው ፎቶ ውስጥ አይሰማም። «ከመሀል ከተማ 5 ኪሎ ሜትር» የሚለውም ጃሙን አይነግራችሁም። ኢንቴቤን ካምፓላ መስሎት የሚይዝም አለ፤ በመካከላቸው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፣ ኦዊኖ ገበያ ለመሄድ በየቀኑ የሚመላለሱበት አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የድረ ገጹ እውነተኛ ጥንካሬ ዋጋው አይደለም፤ የሚሰጠው ማስረጃ ነው። ስም፣ ቀን፣ ዋጋ፣ የመሰረዣ ጊዜ ተጽፎ ኢሜይላችሁ ላይ ይገባል። በቀጥታ ስንይዝ ይህ ይጎድላል። ከመካከላችን አንዷ በስልክ ተነጋግራ 200,000 ሽልንግ ቀብድ ላከች። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ የሰጣት የራሱን የስልክ ቁጥር ነበር። በሌሊት ስትደርስ ልጁ ሥራ ለቋል፤ ሆቴሉም «እኛ የተቀበልነው ገንዘብ የለም» አለ። ክፍልም አልነበረም። ካንሳንጋ ያሉ ዘመዶቿ ዘንድ አደረች፤ ቀብዱም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያ ሆቴል ሠራተኛው በስሙ ደንበኛ ሲያነጋግርና ገንዘብ ሲቀበል ኖሮ፣ ችግር ሲመጣ አላውቀውም ማለቱ ያሳዝናል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ሆቴሉ በዋትስአፕ ወይም በኢሜይል እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፦ የምትገቡበትና የምትወጡበት ቀን፣ የአንድ ሌሊት ዋጋ ከነገንዘቡ ዓይነት፣ 18 በመቶው ቫት በውስጡ መኖር አለመኖሩ፣ ቁርስ፣ በሌሊት ብትደርሱ በሩ የሚከፈት መሆኑ፣ ቀን ቢቀየር ቀብዱ ምን እንደሚሆን። የቫቱን ነገር አደራ። በ40 ዶላር ተስማምታችሁ ሒሳቡ ሲመጣ 47 ዶላር ከ20 ሳንቲም ከሆነ ድለላውን ማስቀረታችሁ ምንም አልጠቀመም። ገንዘቡን ለግለሰብ ቁጥር አትላኩ። ኤምቲኤንም ኤርቴልም ለንግድ ቤቶች የመክፈያ ኮድ ይሰጣሉ፤ የሚስጥር ቁጥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የሚታየው ስም የሆቴሉ መሆኑን እዩ። ኮድ የሌለው ቤት ከሆነ ቀብድ አትላኩ፤ ደርሰን እንከፍላለን በሉ። የሁሉንም ስክሪንሾት አስቀምጡ፣ ለቤተሰብም ላኩ፤ ኢንቴቤ ላይም ኬላ ላይም «የት ነው የምታርፉት?» ስትባሉ የምታሳዩት እሱን ነው።

በድረ ገጽ ያዝን ብላችሁም አትዘናጉ። በ2023 ሌቦች በብዙ አገሮች የሆቴሎችን የቡኪንግ መለያ ሰብረው እየገቡ ለእንግዶች «ካርድዎን እንደገና ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ ክፍሉ ይሰረዛል» የሚል መልእክት ላኩ። መልእክቱ የመጣው ከራሱ ከድረ ገጹ የመልእክት ሳጥን ስለነበር ብዙ ሰው አመነ፣ ገንዘቡም ሄደ። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ሊንኩን ሳትነኩ ሆቴሉን በስልክ ጠይቁ።

ካባላጋላና ካንሳንጋ ለእንግዳ ማረፊያ ለከፈታችሁ ወገኖቻችንም አንድ ነገር አለን። ከእናንተ ጋር በቀጥታ መሥራት እንፈልጋለን፤ ለአምስተርዳም የሚሄደው 15 በመቶ እዚሁ ቢቀር እናንተም እኛም እንጠቀማለን። «የአገር ልጅ ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» አትበሉን። የአገር ልጅነት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ክፍል ሲጠፋ ብዙ አስቀይሞናል። የመክፈያ ኮድ አውጡ፣ ለቀብድ ደረሰኝ ስጡ፣ የተያዘውን ክፍል ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሁሉ በሚያየው መዝገብ ላይ ጻፉ።

እነሱም በነጋዴው ላይ ቅሬታ አላቸው፣ ደግሞም ትክክል ናቸው። አንዳንዱ ሦስት ቤት ደውሎ ሦስት ክፍል ያስይዝና ደስ ያለው ዘንድ ያርፋል፤ ሁለቱ ቤቶች ክፍል ባዶ ይዘው ያድራሉ፣ ስልክም አይነሣላቸውም። ድረ ገጹ ካርድ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የአንድ ሌሊት ቀብድ በኮድ ከፍሎ በደረሰኝ መያዝ ለሁለቱም ወገን ይበቃል ብለን እናምናለን። የማትመጡ ከሆነ ደግሞ ከመሸ በኋላ ሳይሆን ክፍሉ ለሌላ እንግዳ ሊሰጥ በሚችልበት ሰዓት፣ ጠዋት ላይ ደውላችሁ ንገሯቸው።