ትንሽ ነገር መሥራት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሰሞኑን ለጓደኞቼ ላፕቶፔ ላይ አንዲት ሚኒባስ ታክሲ አሳየኋቸው። ቁመቷ ስምንት ነጥብ፣ ስፋቷም ስምንት ነጥብ። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ። የቀስት ቁልፍ ስጫን ትሄዳለች፣ ስለቅ ትቆማለች። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዱ እየሳቀ «ሰው በዩኒቲ ስሪዲ ጌም እየሠራ አንቺ ይቺን?» አለኝ። ሌላው «ኤአይ በአንድ ደቂቃ ይሠራልሽ የለ!» ብሎ ጨመረበት። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ እንዲያውም ስህተታቸው አንድ ነው።

ሚኒባሷን የሠራሁት ፒኮ-ኤይት ላይ ነው። ፒኮ-ኤይት በእጅ አትያዝም፤ የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹን የጌም ማጫወቻዎች እንድትመስል ተደርጋ የተሠራች፣ ኮምፒውተር ላይ የምትከፈት ምናባዊ ኮንሶል ናት። ጆሴፍ ዋይት የሚባል ሰው ነው የፈጠራት። ስክሪኗ 128 በ128 ነጥብ፣ ቀለሟ 16 ብቻ። አንድ ጌም ከነሥዕሉ ከነድምፁ 32 ኪሎባይት ውስጥ መግባት አለበት፤ ስልካችሁ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። እንደ ሚኒባሷ ያለች፣ ከጀርባ ባለው ሥዕል ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ሥዕል ደግሞ ስፕራይት ትባላለች (ለስላሳው አይደለም!)።

አንድ የምቀበለው ትችት አለ። የድሮዎቹ ማሽኖች ገደብ የነበራቸው አቅም ስላልነበራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም በአንድ ጊዜ ከ64 ስፕራይት በላይ አያሳይም፤ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ከተደረደሩ ደግሞ ዘጠነኛው ይጠፋል። ፕሮግራመሮቹ ተራ በተራ እየደበቁ ስለሚያሳዩዋቸው ነበር በዚያ ዘመን ጌሞች ላይ ሥዕሎቹ ብልጭ ድርግም የሚሉት። የፒኮ-ኤይት ገደብ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። «ታዲያ አቅም እያለ እንደሌለ መምሰል ምን ይሉታል?»

እኔ ደግሞ ልጠይቅ። የቅኔ መምህር ተማሪውን ስምንት ቤት ባለው መወድስ የማያስጀምረው ለምንድን ነው? ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ነው የሚያስጀምረው። መወድስ ስለማይችል ነው? ጀማሪ ጀምሮ የሚጨርሰው ነገር እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ ነው እንጂ!

እኔ ያጠናሁት ጋዜጠኝነት ነው። ኮድ ልማር ብዬ ስሙን የማልጠራው አንድ ማሰልጠኛ ገብቼ ነበር። ሳምንታት ሙሉ የኮምፒውተር ትውልዶችን ከስላይድ ላይ ገለበጥን፤ አንደኛው ትውልድ ቫኪዩም ቲዩብ፣ ሁለተኛው ትራንዚስተር... ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳናንቀሳቅስ የክፍሉ ግማሽ «ኮድ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ቀረ። ከቀሩት አንዷ እኔ ነበርኩ። እነዚያ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም፤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሚኒባሷ በአንድ ቅዳሜ ያስተማረችኝን ስሙ። መጀመሪያ ስነዳት ከኋላዋ ረጅም ጭራ ጎተተች። ለካ ስክሪን ላይ እውነተኛ እንቅስቃሴ የለም፤ በሰከንድ 30 ጊዜ ስክሪኑ እየተጠረገ ሥዕሉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይሣላል እንጂ። እኔ የምትጠርገዋን አንድ መስመር ረስቻለሁ። ቀጥሎ ሁለት ቀስት አንድ ላይ ስጫን ፍጥነቷ ጨመረ። አንድ ነጥብ ወደ ጎን፣ አንድ ነጥብ ወደ ታች ስትሄድ በሰያፍ 1.41 ያህል ትጓዛለች። በክፍል ውስጥ የተኛሁበት ፓይታጎረስ! (ለነገሩ የእኛ ታክሲ በሰያፍ ሲገባ መፍጠኑ ያለ ነው።)

«ኤአይ ይሠራዋል» ላልከኝ ወዳጄ፦ አዎ፣ ይሠራዋል። ጭራውን ሲጎትትብህ ግን ምን ብለህ እንደምትጠይቀው እንኳ አታውቅም። ስሪዲ ላልከኝ ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሴለስት የተባለው ጌም መነሻው ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ ፒኮ-ኤይት ላይ በአራት ቀን የሠሩት ትንሽ ጌም ነው። ማሰልጠኛዎችም ብትሆኑ ሰበብ የላችሁም፤ በብራውዘር የሚከፈት ነጻ የትምህርት ቅጂ አለ። በመጀመሪያው ቀን፣ ከቫኪዩም ቲዩቡ በፊት፣ ክፈቱት።

እኔን አሁን ያስቸገረኝ ወያላው ነው። በር ላይ ተንጠልጥሎ እንዲታይ ፈልጌ የተረፈችኝ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ጭንቅላቱን ላድርጋት ወይስ እጁን?