አሮጌ መኪና፣ ቀዝቃዛ አየር

ጉዳዩ ተራ ነው። አንድ የ1970 (እ.ኤ.አ.) ሸቭሮሌት ሲ-10 ፒክ አፕ አለኝ፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ማቀዝቀዣ አልተገጠመላትም፤ ልገጥምላት ፈለግሁ፤ የትኛውን ዓይነት እንደምመርጥ ግን ቸገረኝ። ለዚህ ለዚህማ መካኒክ ማማከር አይበቃም ወይ የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንዲሁ ነበር። ነገር ግን ምርጫው በሁለት ሰዎች መካከል አቆመኝ፤ አንዷ እናቴ ናት፣ ሌላው አሁን በሕይወት የሉም።

መኪናዋን የገዛሁት ዳላስ ከተማ ዳርቻ ስንኖር ጎረቤታችን ከነበሩ ሽማግሌ ነው። ወደዚህ አገር እንደመጣሁ መንዳት ያለማመዱኝ እርሳቸው ናቸው፤ በዚህችው መኪና። ኤሲ የላትም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አላት እንጂ፤ ሁለት መስኮት በስልሳ ማይል» አሉኝ። ሁለቱን መስኮት ከፍቶ በሰዓት 60 ማይል መንዳት ማለታቸው ነው፤ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ሁሉ የሚያውቁት ቀልድ ነው። ጉልበታቸው ሲደክም በርካሽ ሸጡልኝ። ቁልፉን ሲያስረክቡኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አትቁረጣት»። ቃል ገባሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። በእኛ ቋንቋ ይህ አደራ ይባላል፤ አደራ ደግሞ ሰጪው ሲሞት ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ሐምሌ ለእርሷ የጭጋግና የጋቢ ወር ነው። የዳላስ ሐምሌ ሌላ ነው፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) የሙቀት መለኪያው 100 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 38 ሴልሺየስ የነካበት ወይም ያለፈበት ቀን 71 ደርሶ ነበር። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ሐኪም ዘንድ ወስጄያት ስንመለስ መንገዱ ተዘጋና ቆምን። መኪና ሲቆም የሁለት መስኮቱ ቀልድ ያበቃል። ከፊት የሞተሩ ወላፈን፣ ከላይ የጣሪያው ላሜራ፣ ከወንበሩ ኋላ ደግሞ የነዳጁ ጋን፤ በዚያ ዘመን ሲ-10 ጋኑ ጋቢና ውስጥ ነውና ሽታው አይጠፋም። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ብላት «ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ መንገድህን እይ» አለችኝ። ነጠላዋ በላብ ርሷል። ቤት ስንደርስ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ተሸክሜ አስገባኋት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሌላ መኪና መዋስ እችል ነበር። ያን ምሽት ቃሌን ላፈርስ ወሰንኩ። ማፍረስ አላስፈለገኝም፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የኤሲ ነገር በመሠረቱ የእንስራ ነገር ነው። የሸክላ እንስራ ላብ ሲያወጣ ውኃው የሚቀዘቅዘው፣ የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። በመኪናም ልክ እንዲሁ፣ ኢቫፖሬተር በሚባለው ክፍል ውስጥ ፈሳሹ ሲተን የጋቢናውን ሙቀት ይጠጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ያንን ጋዝ አምቆ በራዲያተሩ ፊት ወደተቀመጠው ኮንደንሰር ይልከዋል፤ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ጋዙን እንደገና ፈሳሽ ያደርገዋል። ፓካርድ የተባለው ኩባንያ ለ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎቹ ይህን ሲያቀርብ ማቀዝቀዣው የዕቃ መጫኛውን ቦታ ይይዝ ነበር፤ ማጥፋት የፈለገ ሰውም ኮፈን ከፍቶ ቺንጋውን ማውለቅ ነበረበት። ዛሬ ኮምፕሬሰሩን በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገናኝና የሚለይ ክላች አለ። እኛ የምንጨነቀው ኢቫፖሬተሩን የት እናስቀምጠው በሚለው ነው።

ሦስት መንገድ ቀረበልኝ።

አንደኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ነው። ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ስለሌለ የሚያጓጓ ይመስላል። ሒሳቡ ግን አይምርም፤ በ12 ቮልት 1000 ዋት ማግኘት ከ80 አምፔር በላይ ይጠይቃል። የዚያ ዘመን ዲናሞ አብዛኛው ከ40 አምፔር ብዙም አይርቅም። ዲናሞውን፣ ሽቦውን፣ ባትሪውን ሁሉ መቀየር ሊኖርብኝ ነው። ተውኩት።

ሁለተኛው ሙሉው ስብስብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚመርጠውም ይህን ነው። ማቀዝቀዣው፣ ማሞቂያውና የመስታወት ጉም ማጽጃው በአንድ ሣጥን ሆነው ከዳሽቦርዱ ኋላ ይደበቃሉ። ሥራው ያማረ ነው፤ በዝናብ ቀን ደረቅ አየር ወደ ፊት መስታወቱ ስለሚልክ ለደኅንነትም ይበጃል። ዋጋው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። የፋብሪካው ማሞቂያ ይነቀላል፤ ቦታው በላሜራ ይደፈናል፤ ለአዲሶቹ ቱቦዎች ቀዳዳ ይበሳል። በተሳፋሪው በኩል ያለው የወረቀት ማስቀመጫ ሣጥንም ወጥቶ ጥልቀት በሌለው ይተካል፤ ስፍራው ለኢቫፖሬተሩ ይፈለጋልና።

ያን ሣጥን ከፍቼ አየሁት። የተሠራው ከወፍራም ካርቶን ነው። በውስጡ ጎን ሽማግሌው በእርሳስ ዘይት የቀየሩበትን ቀን ጽፈዋል፤ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ የአርባ ዓመት ቀን። በመጨረሻ ያሉት ፊደሎች ይንቀጠቀጣሉ። መካኒኩ «ይህማ ካርቶን ነው፣ ይጣላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ካርቶን ነው።

ሦስተኛው ከዳሽቦርዱ ሥር የሚንጠለጠል ትንሽ ሣጥን ነው፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሰው ከመኪና ሻጩ ወይም ከሰፈር ጋራዥ ያስገጥመው የነበረ ዓይነት። የተወሰኑ ብሎኖች፣ ሁለት ቱቦዎች፣ አንድ የውኃ መውረጃ፣ ጥቂት ሽቦ፤ ይኸው ነው። የፋብሪካው ማሞቂያ በቦታው ይቆያል። ጉድለቱን አልደብቅም፤ መሐል የሚቀመጠውን ሰው ጉልበት ይነካል፤ የመስታወቱን ጉም አይጠርግም፤ ለዓይንም ተቀጽላ መሆኑ ያስታውቃል።

እኔ ይህን መረጥኩ። ቱቦዎቹን ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ግድግዳ ላይ ቀድሞ በጎማ ተደፍነው በነበሩ ቀዳዳዎች አሳለፍናቸው። ኮምፕሬሰሩን ግን የጥንቱን አላደረግሁትም፤ ከባዱና ሞተሩን የሚያንቀጠቅጠው ቀርቶ ትንሹንና ቀላሉን አዲስ ገጠምኩ። ጋዙም የጥንቱ አይደለም። አር-12 የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ በአሜሪካ ምርቱ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ቆሟል። አር-134ኤ ሞላሁ፤ እርሱም ከባቢ አየርን የሚያሞቅ በመሆኑ ጥፋት የለበትም አልልም። ይህ ጋዝ በአሮጌ የጎማ ቱቦ ስለሚያመልጥ ለእርሱ የተሠራ ቱቦ፣ ለእርሱ የሚስማማ ዘይትና ሙቀት በደንብ የሚያስወጣ ኮንደንሰር ይፈልጋል። በዚህ ላይ መቆጠብ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን ስለ ማቀዝቀዣው አይደለም። ጋቢናው ሳይደፈን ኤሲ መግጠም በተቀደደ ስልቻ እህል መጫን ነው። የበሮቹን ላስቲክ ለወጥኩ፤ የወለሉን ቀዳዳዎች ደፈንኩ፤ ከወለሉ ምንጣፍ ሥርና ከጣሪያው ውስጥ ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ አነጠፍኩ። ትንሿ ሣጥን ለትንሿ ጋቢና የበቃችው ከዚህ በኋላ ነው።

«ኦሪጅናል ካልሆነ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ማቀዝቀዣ መግጠሜን እንደ ድፍረት ቆጥረውታል። በእኔ እምነት ግን እናትን በሐምሌ መጫን የማትችል መኪና ተከበረች አይባልም፤ ተዘጋባት እንጂ። በሌላ በኩል «አንዴ ከነካካኸው ሙሉውን ቀይረው» የሚሉም አሉ። ማሞቂያው ቀድሞ የጠፋ፣ ዳሽቦርዱ ቀድሞ የተቆረጠ መኪና ቢሆን፣ ወይም ዝናብና ጉም በሚበዛበት አገር ብኖር ምክራቸውን እቀበል ነበር። ሳይነካ በደረሰን ነገር ላይ ግን ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ እላለሁ፦ ዛሬ የሚቀመጥበትን ሰው ይጠቅማል ወይ? ነገ የሚረከበው ሰው እንደነበረ ሊመልሰው ይችላል ወይ? ሁለቱንም አዎን የሚያሰኝ መንገድ ካለ፣ ውበቱ ቢያንስም እርሱ ይሻላል። አደራ ማለት እቃውን አለመንካት አይመስለኝም፤ የማይመለስ ነገር አለማድረግ ነው።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዤ ወጣሁ። ከግማሽ መንገድ በኋላ ነጠላዋን በትከሻዋ ሰበሰበችና «ልጄ፣ ደብረ ብርሃን አደረስከኝ፤ ቀንሰው» አለችኝ። ቀነስኩት። ቤት ስንደርስ ዘይት የቀየርኩበትን ቀን በካርቶኑ ላይ፣ ከእርሳቸው ጽሕፈት ሥር፣ በእርሳስ ጻፍኩ።