ክረምትን የሚሸሽ ፎቶግራፍ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አገራችንን ለውጭ እንግዳ ለማስተዋወቅ የተደከመበትን ሥራ የሚያስታውስ ሁሉ፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያወጡትን «የ13 ወር ፀሐይ» የሚል መጠሪያ ሳያደንቅ አያልፍም፤ ጳጉሜንን እንኳ ሳያስቀር ዘመን አቆጣጠራችንን በአንድ ሐረግ ለዓለም ያስተማረ ብልኅ አነጋገር ነውና እኔም አደንቀዋለሁ። ነገር ግን መጠሪያው በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው ከተተካ በኋላም ቢሆን፣ ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን ከመንፈሱ አልተላቀቁም፤ ዝናም ሲበረታ ካሜራቸውን ጠቅልለው ያስቀምጡና መስቀል ካለፈ በኋላ ያወጡታል። በዚህም ምክንያት በየግድግዳው ተሰቅሎ የምናየው የኢትዮጵያ መልክዐ ምድር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሣሩም ደርቆ ወርቅማ ሆኖ ይታያል፤ ያንን ሣር ያበቀለው ወራት ግን ከሥዕሉ ውስጥ የለም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት እንዲህ አላደረጉም። ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ዘመነ ክረምት፣ አንድ ወጥ የጭጋግና የጭቃ ወቅት ነው ብለው ሳይንቁት፣ በየክፍሉ ለይተው ለእያንዳንዱ ምንባብና መዝሙር መድበውለታል፤ መጀመሪያ ዘርእና ደመና ይታሰባሉ፤ ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ (ወንዞች)፤ ከነሐሴ 10 ቀን ጀምሮ ዕጓለ ቋዓት (የቁራ ጫጩቶች)፣ ደሰያት (ደሴቶች) እና ዓይነ ኵሉ (የሁሉ ዓይን)፤ ዘመን መለወጫ ሲቃረብም ጎህና ጽባሕ። ይህን ሥርዓት የደነገጉ አባቶች ስለ ፎቶግራፍ ያሰቡት ነገር እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ሰማይና ምድር በክረምት ውስጥ ስንት ጊዜ መልካቸውን እንደሚለውጡ ነቅቶ የሚመለከት ዓይን እንደ ነበራቸው ክፍፍሉ ራሱ ይመሰክራል፤ እኔም ለጉዞ ቀን ስመርጥ ከአየር ጠባይ ትንበያው በፊት ይህንኑ ቆጠራ እመለከታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የሰላሌ መንገድ ያለ ስጋት ይኬድበት በነበረ ጊዜ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋራ ወደ ዓባይ በረሃ የተጓዝነው በዚሁ በሦስተኛው ክፍል ውስጥ፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የዕረፍት በዓል ዋዜማ፣ ነሐሴ 23 ቀን ነበር። እንጦጦን አልፈን ስንወርድ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ነበር፤ ከጫንጮና ከሙከ ጡሪ ወዲያም ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄዱ ምእመናን፣ ነጠላቸውን በፕላስቲክ ሸፍነው፣ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይጓዙ ነበር። ከእነርሱ መካከል አንዲት አሮጊት ፎቶግራፍ እንዳነሣቸው ብለምናቸው፣ «ልጄ፣ ፊቴ ርሷል፤ ቆይ ልጥረገው» አሉ። «እናቴ፣ እንደ ረጠበ ይሁንልኝ» ስላቸው ሳቁና፣ «እንግዲያስ ተክልዬ ይከተሉህ» ብለው መረቁኝ።

የክረምት ብርሃን ጥቅም በዚያ ፊት ላይ እንደ ነበረ ሁሉ በእርሻውም ላይ ነበረ። በበጋ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ስትቆም ጥላው ጥቁር፣ ብርሃኑ ነጭ ይሆንና ካሜራው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ይጥላል፤ አቧራውና የማገዶው ጢስም ሩቁን ተራራ ያደበዝዙታል። ደመና ሲጋርድ ግን ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ተካክሎ ስለሚወርድ፣ የጤፉ፣ የገብሱ፣ የባቄላውና የግጦሹ አረንጓዴ እያንዳንዱ ለብቻው ይለያል፤ አንዱ ዶፍ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ባለው ጊዜ ደግሞ አየሩ ታጥቦ፣ የጀማ ሸለቆ ወዲያ ማዶው ገደል ድረስ ይታያል። ያቺ ጊዜ አጭር ናት፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ዝናሙ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው አያገኛትም፤ ጃንጥላ ይዞ ውጭ መቆም ይገባል።

ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። ከዚያ እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ወደ 1,500 ሜትር እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በክረምት መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየስፍራው ተሰነጣጥቋል፤ ከባድ መኪኖችም በጭጋጉ ውስጥ መብራታቸውን አብርተው ያቃስታሉ። ነገር ግን በበጋ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ መስሎ የሚታየው ገደል፣ ዝናም ሲያርሰው የየዘመኑን ድንጋይ ይለያል፤ ከላይ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጀሶ፣ በታችም ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልስጥ፤ ከብርዱ አፋፍ ወደ ቆላው ሙቀት ሲወረድ ቀዝቃዛው ሌንስ የሸለቆውን እርጥበት ስቦ ይታፈናልና፣ ደጋግሞ ከመወልወል ይልቅ ካሜራውን በከረጢቱ ዘግቶ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ መተው ይሻላል።

ከድልድዩ አጠገብ ጠባቂው፣ «ጌታዬ፣ ወንዙን ያንሡ፤ ድልድዩን ግን ይተዉት» አለኝ፤ እኔም የፈለግሁት ወንዙን ነበር። ዓባይ የዓመቱን ውሃ አብዛኛውን በክረምትና በክረምት ማግስት ባሉት ጥቂት ወራት ይዞ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ መልኩ ቡና ዓይነት ነው፤ ቀለሙም የሰላሌና የጎጃም ገበሬ ያረሰው አፈር ነው። በጥር የሚነሣው ጥርት ያለ የዓባይ ሥዕል ዓይን ያስደስታል፤ ነገር ግን ወንዙ ከምን ከምን እንደ ተሠራና ማንን አራቁቶ እንደሚያልፍ አንዳች አይናገርም፤ ደግሞም ስለዚህ ወንዝ ያን ያህል የሚከራከር ሕዝብ በሚሞላበት ወራት ፎቶግራፉን ሊያየው አለመፈለጉ ያስገርመኛል።

ለሚመጣው ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የሚያሳትሙ መሥሪያ ቤቶች፣ ቢያንስ በነሐሴ ገጽ ላይ የጥምቀትን ሥዕል ማተማቸውን እንዲተዉ እለምናለሁ። የክረምት ፎቶግራፍ አጣን የሚሉ ከሆነ አብሮኝ የተጓዘው ወዳጄ ብዙ አለው፤ ዋጋውንም አያስወድድባቸውም።