«የኛ አይደለም» የሚባለው ፍርድ

ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ አድማጩ ለሁለት ተከፈለ። ስሙን ከባለ ቀይ ጥለቱ የመኳንንት ልብስ የወሰደው ባንድ የሮክ ጊታርን ከአገር ቤት ቅኝት ጋር አዳቅሎ ነበር የመጣው። አንዱ ወገን፣ በተለይ ወጣቱ፣ እሰየው ብሎ ተቀበለው። ሌላው ግን አልበሙን እስከ መጨረሻው ሳይሰማ አንድ ዐረፍተ ነገር ይዞ ቀረ፦ «ይሄ የኛ አይደለም።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ከዚያም በኋላ አልሞተም። አዲስ ነገር የሞከረ ባንድ በወጣ ቁጥር ይነሣል። ጎንደር ላይ ሲሆን ደግሞ ይግባኝ የለውም። ከተማዋ የማሲንቆ አገር ናት፤ በዙሪያዋ እንደ ቡርቧክስ ያሉ፣ ልጅ ሙያውን ከአባቱ እየወረሰ የሚያድግባቸው የአዝማሪ መንደሮች አሉ። ስለዚህ የጎንደር ሰው «የኛን እኔ አውቃለሁ» ቢል የሚከራከረው የለም። ግን መከራከር ያስፈልጋል፤ ክርክሩንም ከራሷ ከጎንደር መጀመር ይቻላል።

አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በተቀመጠው ሰው መሀል ይዞራል። ጥግ ላይ ብርሌ የያዘ አንድ ሰውዬ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ከጎደለ ይሞላዋል፣ ከከረረ ያለዝበዋል፣ ወይም ገልብጦ በራሱ በሰውዬው ላይ ያዞርበታል። ቤቱ በሳቅ ይናወጣል፤ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። ስንኙ ስለ ኑሮው፣ ስለ ሹሙ፣ ከፊቱ ስለተቀመጠው እንግዳ መላጣ ነው። የአምናውን ግጥም እንዳለ ደግሞ የሚያመጣ አዝማሪ ሽልማቱ ይቀርበታል። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1937 አዝማሪና ጠንቋይ ተይዞ እንዲረሸን ያዘዘው የቅርስ ጠላት ስለነበረ አልነበረም፤ አዝማሪው የሚያወራው የዕለቱን ስለነበረ ነው። በዚህ ባህል ውስጥ አድማጭ ደራሲም ጭምር ነው። ያልጣመውን ዘፈን የሚተቸው የተሻለ ስንኝ አቀብሎ ነው። «የኛ አይደለም» ብሎ የሚነሣ ሰው አዝማሪ ቤት ውስጥ ምንም አልተናገረም።

ቅኔ ቤቱም ከዚህ አይለይም። የደጋው የቆሎ ተማሪ ስልቱን ከመምህሩ ይወርሳል፤ ቅኔውን ግን በየጊዜው አዲስ መቁጠር አለበት። ሌላ ሰው የተቀኘውን የራሴ ነው ብሎ ቢያቀርብ መሳቂያ ይሆናል። ያለፈውን ሳይነኩ መድገም ብቻ ነው ባህል የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ ከየት መጣ?

በከፊል ከመድረክ ነው የመጣው። ዛሬ «ጥንታዊው» እየተባለ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ ተሰልፈው የሚጫወቱበትን አደረጃጀት ካጎለመሱት አንዱ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ መሥራቹ ግብፃዊው የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል ዳብ ነበር። ለየብቻቸው፣ በየቦታቸውና በየተግባራቸው የኖሩ መሣሪያዎች እዚያ እንደ ኦርኬስትራ ተቀናጁ። ቡድኑ ከኤልቪስ ፕሪስሊ የመጀመሪያ ሸክላ በዘጠኝ ዓመት ያንሳል። ከዚያ በደርግ ዘመን እንደ ጎንደሩ ፋሲለደስ ያሉ የኪነት ቡድኖች መጡ፤ አንድ ዓይነት ለብሶ፣ ተሰልፎ፣ እኩል ትከሻ መምታት የመድረክ ወግ ሆነ። መጥፎ ነበር ማለት አይደለም፤ ብዙው ድንቅ ነው። ነገር ግን ያኔ አዲስ ነበር።

የጌታቸው መኩርያ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሽለላ የጦር ሜዳ ድምፅ ነው። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያንን ድምፅ አንሥቶ በሳክስፎን ነፋው፤ ጎፈር አጥልቆ መድረክ ላይ ፎከረበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባል የኔዘርላንድ የፓንክ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሠራ። ፓንክ! በጩኸት ከሆነ የጃኖ ጊታር ከዚያ አይብስም። ዛሬ ግን የጌታቸው ሳክስፎን የኛ አይደለም የሚል አይገኝም፤ እንዲያውም ለፈረንጅ የምንኮራበት እሱን እያስደመጥን ነው። ፍርዱ በጊዜ ብዛት የሚሻር ከሆነ መጀመሪያውኑ መመዘኛው ሙዚቃው አልነበረም፤ ልማድ ነበር።

ጉዳቱ አዲሱን ማሳደዱ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሌላውን፣ ደካማውን፣ ያለ ጥያቄ ማሳለፉ ይብሳል። በኪቦርድ የተቀዳ የማሲንቆ ድምፅ፣ በኮምፒውተር የተመታ ከበሮ፣ «ጎንደር» የሚል ቃል በየአዝማቹ፣ ክሊፑ ላይ የፋሲል ግንብና ተመሳሳይ ጥልፍ የለበሱ ተወዛዋዦች ካሉ «ባህላዊ» ተብሎ ያልፋል። ግጥሙ ቤት ይምታ አይምታ፣ ዜማው ካምናው ይለይ አይለይ የሚጠይቅ የለም። እውነተኛ ማሲንቆ ለመቅረጽ የሚደክም ባንድ ግን ጊታር ስለጨመረ ብቻ ይወገዛል። አለባበስ አይቶ የሚያስገባና የሚመልስ ጆሮ የበር ዘበኛ እንጂ አድማጭ አይደለም።

ይህ ማለት «ኤርታሌ» አይተች ማለት አይደለም። የሚተችበት ሞልቷል። አማርኛ ሰሚ ከሁሉ በፊት የሚያደነው ግጥም ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። በ«ኤርታሌ» ውስጥ ድምፃውያኑ በአንድነት ሲነሡና ጊታሩ ሲጋልብ ቃሉ የሚሰጥምባቸው ቦታዎች አሉ፤ አድማጩ ዜማውን ይዞ ስንኙን ይጥላል። ይሄ ሊነገር የሚገባው ቅሬታ ነው፤ የሮክ ጠባይ ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም። የአልበሙ ፕሮዲዩሰር አሜሪካዊው የባስ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» አልበምም ያዘጋጀው እሱ ነበር። እዚያ እንደ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ያሉ የጃዝ አንጋፋዎች ተሰልፈው እንኳ የቻግኒዋ ልጅ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ «ጉራማይሌ» ውስጥ አንድም ቃል አይጠፋም። ያው አዘጋጅ፣ ያው አማርኛ፤ አንዱ ዘንድ ቃሉ ነጥሮ ወጣ፣ ሌላው ዘንድ ተዋጠ። ልዩነቱ የድምፅ ቅልቅሉ ነው፣ ግጥሙ ነው፣ ወይስ አራት ድምፃውያንን በአንድ ማይክ ዘመን ባደገ ጆሮ ፊት ማቆሙ? «ለራስህ ነው» የተባለው የባንዱ ሁለተኛ አልበም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ መጠየቅ የነበረበት ይህ ነበር።